ብቻችሁን አትሸከሙት፦ መስማት የተሳነው ልጅ ላላቸው ወላጆችና ለባለሙያዎች ራስን የመንከባከቢያ ዝርዝር መመሪያ

ልጃችሁ እንደማይሰማ ወይም በደንብ እንደማይሰማ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ጥያቄው ሁሉ ስለ ልጁ ነው። ምን አሉት? የመስሚያ መሣሪያ ታዘዘለት? ትምህርት ቤት ተገኘለት? "አንቺስ እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል?" የሚል ሰው ብዙም አይገኝም። አስተማሪውን፣ አስተርጓሚውን፣ የመስማት ምርመራ የሚሠራውን ባለሙያም ቢሆን የሚጠይቃቸው የለም።

ይህ ጽሑፍ ስለ እናንተ ነው። ራስን መንከባከብ ሲባል ብዙዎቻችን ገንዘብና ትርፍ ጊዜ የሚጠይቅ ነገር ይመጣብናል። ሽርሽር መውጣት፣ ሳውና መግባት። እኔ ግን እነዚህን ወላጆች ከሁሉ በላይ የሚያደክማቸው ሌላ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። የልጁን ነገር የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው እናት ናት። ባትሪ የምትቀይረው እሷ፣ ቀጠሮ የምታስታውሰው እሷ፣ ልጁ እጁን ሲያንቀሳቅስ ምን ማለቱ እንደሆነ የሚገባት እሷ። እሷ አንድ ቀን ብትታመም ልጁ የሚያናግረው ሰው ያጣል። ይህን እያወቁ ማረፍ አይቻልም። ስለዚህ ከታች ካሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ የሚያመሩት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ሸክሙን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ወደ ማግኘት።

በቅደም ተከተል ሂዱ። በአንድ ሳምንት ልጨርሰው አትበሉ።

ደረጃ 1፦ "በእኔ ምክንያት ነው" የሚለውን ሐሳብ ፊት ለፊት ጠይቁት

ከአካል ድካም በፊት የሚመጣው ይህ ነው። እናት በእርግዝናዋ ወቅት የዋጠችውን ክኒን፣ ያዳለጣትን ቀን፣ የተጣላችውን ሰው ሳይቀር እያስታወሰች ሌሊቱን ታነጋለች። እዚህ ላይ ትክክለኛ መረጃ በእውነት ያሳርፋል።

ከውልደታቸው ጀምሮ መስማት ከተሳናቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ምክንያቱ በዘር የሚተላለፍ ነው። ከእነዚህም አብዛኞቹ የሚወለዱት በደንብ ከሚሰሙ እናትና አባት ነው። ሁለቱም ሳያውቁት የያዙት ዘረመል ልጁ ላይ ሲገናኝ ይከሰታል። ማንም ያጠፋው ነገር የለም። ሌሎቹ ምክንያቶች ደግሞ ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ ሲወለዱ መታፈን፣ ሳይታከም የቆየ የጆሮ መመርቀዝ የመሳሰሉት ናቸው። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎችም የመስማት ችሎታን ሊጎዱ ይችላሉ። እነዚህ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጡት የልጁን ሕይወት ለማዳን ነው። ያን ቀን "ይሰጠው" ያላችሁ ወላጆች ልጃችሁን ለማትረፍ ነው ያላችሁት።

የዓለም ጤና ድርጅት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት 60 በመቶ ያህሉን መከላከል ይቻላል ይላል። ይህን ቁጥር አንብበው ራሳቸውን የሚወቅሱ ወላጆች አሉ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ አገልግሎትና ስለ ጆሮ ሕክምና መስፋፋት ነው። የጤና ሥርዓት የቤት ሥራ ነው፤ በአንዲት እናት ጫንቃ ላይ የሚጣል አይደለም።

አሁን የምታደርጉት ይህ ነው። ጥያቄውን በወረቀት ጻፉት። ቀጣይ ቀጠሮ ላይ ከአንገት በላይ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት፦ "ዶክተር፣ ይህ እኔ ባደረግሁት ነገር የመጣ ነው?" የሰጣችሁን መልስ እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ። "ምክንያቱ በውል አይታወቅም" ሊላችሁም ይችላል። እሱም መልስ ነው። ሐሳቡ ሌሊት ሲመለስ ወረቀቱን አውጥታችሁ አንብቡት።

ሐዘኑ ግን በመረጃ ብቻ አይጠፋም። መሣሪያው የተገጠመ ቀን ይነሳል። የጎረቤት ልጅ "እማዬ" ሲል ይነሳል። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ እንደገና ይነሳል። ማልቀስ ልጁን አለመውደድ አይደለም። ፈጣሪን ማማረርም አይደለም። አልቅሱ።

ደረጃ 2፦ የምትሠሩትን ሁሉ ከጭንቅላታችሁ አውጡት

ለአንድ ሳምንት ደብተር ያዙ። ለልጁ ብላችሁ የምትሠሩትን፣ የምታስታውሱትንና የምትጨነቁበትን ነገር ሁሉ ጻፉ። ባትሪ መግዛት። መሣሪያውን መጥረግ። ከመምህሩ ጋር መነጋገር። የሪፈር ወረቀት ማሳደስ። በዘመድ ቤት ግብዣ ላይ ሌሎች የሚያወሩትን ለልጁ መንገር። ይህ የመጨረሻው እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ ግን ከሁሉም ያደክማል። ሰው ሁሉ ሲበላና ሲጫወት እናንተ በሥራ ላይ ናችሁ።

በሳምንቱ መጨረሻ በእያንዳንዱ መስመር ፊት "ከእኔ ሌላ ይህን ማን ያውቃል?" ብላችሁ ስም ጻፉ። ስም የሌለው መስመር በዝቶ ታገኙታላችሁ። ቀጣዩ ደረጃ ለእሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ሁለተኛ ሰው አሠልጥኑ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይህን አትተዉ።

ሰው ምረጡ። አባት ካለ መጀመሪያ እሱ ነው። ካልሆነ አክስት፣ አያት፣ ያደገች እህት ወይም ቤት ውስጥ የምትረዳችሁ ልጅ። ቅዳሜ ጠዋት ሁላችሁም ስትረጋጉ ተቀመጡና መሣሪያውን ንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርጉት።

ከባትሪው ጀምሩ። ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጡ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ባለ ብርቱካናማ ተለጣፊውን 13 ቁጥር ወይም ባለ ሰማያዊውን 675 ቁጥር ይጠቀማሉ። ሠልጣኙ ቀለሙን ይያዝ። ተለጣፊው ከተነሳ በኋላ ባትሪው ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ደቂቃ ያህል አየር ያግኝ። የሚሠራው በአየር ስለሆነ ተቸኩሎ ከገባ ቶሎ ይደክማል። ያለቀውን ባትሪ መሬት ላይ መጣል ክልክል ነው። ትንሽ ልጅ ባትሪ ከዋጠ ሰዓት ሳይባክን ወደ ሆስፒታል ነው፤ ጉሮሮን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ሠልጣኙ ራሱ ደግሞ ይንገራችሁ።

ቀጥሎ ማድረግ። በጆሮው ልክ የተሠራው ፕላስቲክ የሚገባው ጆሮውን በስሱ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ፣ ፕላስቲኩን ትንሽ እያዞሩ ነው። ሲያፏጭ በደንብ አልገባም ማለት ሊሆን ይችላል። ደጋግሞ ካፏጨ ወይ ጆሮው ኩክ ይዟል ወይ ልጁ አድጎ ፕላስቲኩ ጠቦታል። ጨቅላ ሕፃን በየጥቂት ወሩ አዲስ ያስፈልገዋል። "መሣሪያው ተበላሸ" ተብሎ የሚሰጋው ብዙ ጊዜ ይኼው ነው።

ከዚያ የጠዋቱ ሙከራ። ሠልጣኙ ከልጁ ጀርባ ይቁምና ስድስት ድምፆች በመደበኛ ድምፅ አንድ በአንድ ይበል፦ ም፣ ኡ፣ ኣ፣ ኢ፣ ሽ፣ ስ። ልጁ ሲሰማ እጁን ያወጣል ወይም አሻንጉሊት ሣጥን ውስጥ ይከታል። ትናንት ይሰማው የነበረውን ዛሬ ካልሰማ ባትሪውን፣ መሣሪያውን ከፕላስቲኩ ጋር የሚያገናኘውን ቱቦና ጆሮውን ማየት ነው። ማታ መሣሪያው ይወጣል፣ የባትሪው በር ተከፍቶ ይታደራል፣ በደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል። በክረምት እርጥበት ቱቦው ውስጥ ጠብታ ይሠራል። እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አብሮ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

አሁን ከባዱ ነገር መጣ። ሠልጣኙ ሲሠራ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተመልከቱ። ቀርፋፋ ይሆናል። ልጁ ያኩርፍ ይሆናል። "ተወው፣ እኔ ላድርገው" አትበሉ። ይህችን ቃል ባላችሁ ቁጥር ሸክሙ ተመልሶ ወደ እናንተ ይመጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሳካ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ከቤት ውጡ። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ጓደኛ ቤት፣ የትም ይሁን። ስልክ እየደወላችሁ አትመርምሩ።

ልጁ የሚግባባው በምልክት ቋንቋ ከሆነ ሁለተኛው ሰው ቋንቋውን መማር አለበት። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ስለዚህ ቤቱ ሁሉ ጀማሪ መሆኑ የተለመደ ነው። ልጁ በየቀኑ በሚያስፈልጉት ቃላት ጀምሩ፦ ውኃ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ፣ የት ላይ፣ ፈራሁ። "እናትህ አሁን ትመጣለች" የሚለውን ሁለተኛው ሰው ሳያውቅ አትውጡ። ልጁ የሚያለቅሰው እናንተን ስላጣ ብቻ ሳይሆን መመለሳችሁን የሚነግረው ስለሌለ ነው።

ማንበብ የሚችሉ ወንድሞችና እህቶች የጣት ፊደሉን፣ ማለትም ቃልን በእጅ ፊደል በፊደል መጻፊያውን፣ ቶሎ ይይዙታል። አሠራሩ እንደ ፊደል ገበታችን ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ ይለያቸዋል። ትምህርቱን የት እንደምታገኙ የልጁን ትምህርት ቤት ወይም የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ጠይቁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የትምህርት ፕሮግራም አለው።

አባቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ገንዘብ ማምጣት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ልጃችሁ ዛሬ ምን እንዳስከፋው ሊነግራችሁ ካልቻለ ሚስታችሁ በእናንተና በልጃችሁ መካከል አስተርጓሚ ሆና ትኖራለች። ይህ ትዳርንም ያደክማል።

ደረጃ 4፦ ከትምህርት ቤት መልስ ያለውን ሰዓት አስተካክሉ

መሣሪያ የሚጠቀም ልጅ ቀኑን ሙሉ በጩኸት መካከል ቃል ሲለቅም ይውላል። በዓይኑ ከንፈር ሲያነብ፣ እጅ ሲከተል ይውላል። ቤት ሲደርስ ያነጫንጨዋል። ብዙ ቤት ይህን እንደ ብልግና ቆጥሮ ይቆጣዋል። ደክሞት ነው። ግማሽ ሰዓት ምንም አትጠይቁት። መክሰሱን ስጡትና መሣሪያውን ማውለቅ ከፈለገ ያውልቅ። ያ ግማሽ ሰዓት ለእናንተም ነው። ስልክ አስቀምጡ፣ ቁጭ በሉ።

የማታው ጣጣ ደግሞ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ እጅም ከንፈርም አይታይም። ልጁ ይደነግጣል፣ እናንተም ትጨነቃላችሁ። ቻርጅ የሚደረግ የእጅ ባትሪ አልጋው አጠገብ ይኑር፤ ልጁም ማብሪያውን ይወቅ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ሌሊት ያስተኛችኋል።

ደረጃ 5፦ ለዘመድና ለጎረቤት አንድ መልስ ያዙ

"አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው።" "የማን እርግማን ይሆን?" "ውጭ አገር ብትወስጂው ይድናል።" ለእያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ማስረዳት ሰው ይጨርሳል። አንድ መልስ አዘጋጁና ሁልጊዜ እሱኑ በሉ፦ "ልጄ መስማት ተስኖታል፣ ክትትል ላይ ነው፣ ደህና ነው። ልታናግረው ከፈለግህ ፊት ለፊቱ ቁም።" የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጠያቂውን ሥራ ታስይዘዋለች። ልጁን በሚያዋርድ ቃል የሚጠራውን ሰው ግን በልጁ ፊት አርሙት። ልጁ ባይሰማም ፊታችሁን ያነባል።

ጸበል መውሰድ፣ ዱዓ ማስደረግ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ብርታት ነው። ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ውኃው ከመፍሰሱ በፊት መሣሪያውን አውልቁ፤ የኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ) የውጭ ክፍልም እንዲሁ። ደግሞም ሱባኤውን ስትይዙ ቀጠሮ እንዳያልፋችሁ። የልጅ አእምሮ ቋንቋን በደንብ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፣ በንግግርም ይሁን በምልክት።

ደረጃ 6፦ ነገሩ የገባቸው ሰዎች ጋር ተቀመጡ

በትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ የሚጠብቁ እናቶች አሉ። ቡና አፍሉና ጥሯቸው። ማስረዳት የማያስፈልግበት ወሬ ያሳርፋል። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ከሆናችሁ ዕቁብ ግቡ፣ ባትሪም በጋራ በፓኮ ግዙ። አንዳችሁ ስትታመሙ ልጃችሁ የሚያናግረው ሰው አያጣም።

ከወላጆች በተጨማሪ መስማት የተሳናቸው አዋቂዎችን ተዋወቁ። እኔ ከሁሉ በላይ ይህን እመክራለሁ። "እኔ ስሞት ምን ይሆናል?" የሚለው ፍርሃት ትዳር መሥርቶ፣ ሠርቶ የሚኖር መስማት የተሳነው ሰው ቤታችሁ መጥቶ ምሳ ሲበላ ይቀንሳል። ልጃችሁም ሲያድግ ምን ሊመስል እንደሚችል ያያል።

ደረጃ 7፦ የቀጠሮ ቀንን አቅልሉት

ከክፍለ ሀገር ሪፈር ይዛችሁ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ የምትመጡ ሰዎች የዚህን ቀን ድካም ታውቁታላችሁ። ብቻችሁን አትሂዱ። አንዱ ሰው ወረፋ ሲይዝ አንዱ ልጁን ያጫውት። ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ፋይል አድርጉ፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። ጥያቄ ከሦስት አይብለጥ። ማታ ሌላ ሥራ አትቅጠሩ፤ እራት ከትናንት የተረፈ ይሁን።

ከሩቅ ሆናችሁ ለምታሳድጉ

ልጁን ከአያት ጋር ትታችሁ ዓረብ አገር የምትሠሩ እናቶች አላችሁ። የስልክ ድምፅ ለእሱ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ቪዲዮ ይሁን። መብራት ፊታችሁ ላይ እንጂ ከጀርባችሁ አይሁን፣ እጃችሁም እስከ ደረታችሁ ይታይ። አዲስ ምልክት ልጁ ያስተምራችሁ። አዳሪ ትምህርት ቤት ልጅ የላካችሁም እንዲሁ አድርጉ። መራቃችሁ መጣል አይደለም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በትምህርት ቤቱ የአይ.ኢ.ፒ (ለልጁ በግል የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። ትልቁን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ሁሉም ነገር እንደገባችሁ ሆናችሁ ከመፈረም "አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" ማለት ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

ለባለሙያዎች

አስተማሪዎች ሆይ፣ የእናንተም ችግር ከወላጆቹ ጋር አንድ ነው። በትምህርት ቤቱ ምልክት ቋንቋ የምትችሉት አንድ ሰው ከሆናችሁ ክፍል ውስጥ አስተማሪ፣ ጤና ጣቢያ አስተርጓሚ፣ የወላጅ ስብሰባ ላይ አስታራቂ ትሆናላችሁ። በምሳ ሰዓታችሁም ትጠራላችሁ። ርዕሰ መምህሩን በዚህ ጉዳይ በጽሑፍ አናግሩ። ለሌሎች መምህራንና ለጥበቃው ጭምር በሳምንት አንድ ጊዜ አጭር የምልክት ትምህርት ይሰጥ። ጥበቃው "ሰላም፣ ወላጅህ መጥተዋል" ማለት ሲችል የእናንተ ቀን ይቀላል።

አስተርጓሚዎች፣ ያለ ዕረፍት ረጅም ሰዓት አትሥሩ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ካለፈ አእምሮ ይደክማል፣ ስሕተትም ይጀምራል። ረጅም ስብሰባ ላይ ሁለት ሆናችሁ ተፈራረቁ፤ ሥራውን ስትቀበሉ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከሥራ በፊት አንጓና ትከሻችሁን አፍታቱ። የእጅ መደንዘዝ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ የአንጓ ሕመም ካለ "ይለፍ" አትበሉት፣ ታከሙ። በፍርድ ቤት ወይም በሆስፒታል የተረጎማችሁት ከባድ ነገር አብሯችሁ ቤት ሊገባ ይችላል፤ በተለይ "እኔ" እያላችሁ የሰው ሥቃይ የተናገራችሁበት። ስምና ጉዳይ ሳትጠቅሱ ስሜታችሁን የምታካፍሉት የሥራ ባልደረባ ይኑራችሁ።

መርዶውን የምትነግሩ ሐኪሞችና የመስማት ምርመራ ባለሙያዎችም አላችሁ። በአንድ ጠዋት ለሁለት ቤተሰብ ተመሳሳይ ከባድ ዜና ተናግሮ ሦስተኛውን መጥራት ልብ ያደነዝዛል። በመካከል አምስት ደቂቃ ውጡ። ውኃ ጠጡ፣ አየር ሳቡ፣ ስታስወጡ ከሳባችሁበት ጊዜ በላይ አስረዝሙት። ቤተሰቡ ያን ቀን የሚይዘው ጥቂት ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልንገር ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ፤ ቀጣይ ቀጠሮ ቀርቦ ይሰጥ።

ደረጃ 8፦ መቼ እርዳታ እንደምትጠይቁ ከአሁኑ ወስኑ

ድካም በዕረፍት ይሻላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ከባድ ሐዘን ከተሰማችሁ፣ የምትወዱት ነገር ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ወይም ልጁን መምታት ከጀመራችሁ ነገሩ ከድካም ያለፈ ነው። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። እንደ አማኑኤል ያሉ ሆስፒታሎችም አሉ። ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ። ያን ዕለት ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ስትገቡ እንዴት እንደምትጀምሩ ከቸገራችሁ ይህን በሉ፦ "መስማት የተሳነው ልጅ አለኝ። ልጁ ክትትል አለው። ዛሬ የመጣሁት ለራሴ ነው።"